ከአበርዴር ወደ ስክራንተን፦ የአንድ ከሰል ቆፋሪ ፍለጋ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘሮቹ በሕይወት ስላሉ ከዌልስ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የዚህ ቆፋሪ ስም አይጻፍም። ቢጻፍም ብዙ አይጠቅምም ነበር። በዌልስ በጥንቱ ልማድ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚመጣው፣ እንደኛው፣ የአባቱ ስም ነበር። ያ ስም ባለበት ቆሞ የቤተሰብ ስም ሲሆን ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ኢቫንስ፣ ዊሊያምስ፣ ቶማስ የሚባሉ ጥቂት ስሞች ሸለቆውን ሁሉ ሞሉት። የኛም ሰው ከነዚህ አንዱን ይዞ ነው የተሰደደው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የተያዘ ደንብ፦ ስምና ዕድሜ ስለገጠሙ ብቻ ማንም ሰው ወደ ቤተሰቡ የዘር ዛፍ አይገባም።

መነሻ፦ በእጅ ያለው

ከቤተሰቡ የመጣው በታይፕ የተጻፈ የዘር ሐረግ፣ የአንዲት ሴት የመቃብር ድንጋይ ፎቶና አንድ ወሬ ነው። ሐረጉ ሰውየው «ካርዲፍ፣ እንግሊዝ» ተወልዶ በ1860ዎቹ አሜሪካ እንደገባ ይላል። ወሬው ደግሞ በአቮንዴል አደጋ ሞተ ይላል።

ሁለቱም ይጠረጠራሉ። ካርዲፍ ያለችው ዌልስ ውስጥ ነው፤ ከሰል የሚጫንባት ወደብ እንጂ የሚቆፈርባት ከተማ አልነበረችም። የአሜሪካ ዘሮች የትናንሽ መንደሮች ስም ሲጠፋባቸው የሚያውቁትን ትልቅ ከተማ ይጽፋሉ። አቮንዴልም እንዲሁ ነው። መስከረም 6 ቀን 1869 በፔንሲልቬኒያ፣ ፕሊመዝ አካባቢ፣ መውጫው አንድ ብቻ የነበረው ጉድጓድ ተቃጥሎ ውስጥ የነበሩት 108 ሰዎችና ሊያድኗቸው የገቡ ሁለት ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የዌልስ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተቀበሩት በዚያው ክፍለ ግዛት በስክራንተን ከተማ፣ ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው የሞተ የዌልስ ቆፋሪ ሁሉ በቤተሰብ ወሬ ውስጥ ወደ አቮንዴል ይሳባል።

የሟቾቹ ዝርዝር በጋዜጦች ታትሟል፤ ተመሳሳይ ስም አለበት። ይህ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ለማጣራት የተያዘው የ1870 ቆጠራ ነው፦ የተቆጠረው ሰኔ 1 ቀን 1870 በሚል መነሻ ስለሆነ፣ በአቮንዴል የሞተ ሰው እዚያ ውስጥ ሊኖር አይችልም።

ደረጃ 1፦ የአሜሪካ ቆጠራ

ፍለጋ የሚጀመረው ከቅርቡ መዝገብ ወደ ኋላ ነው። ዌልስ ላይ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ እዚያ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሕፃናት በየሩብ ዓመቱ ይመዘገባሉ።

በፋሚሊሰርች (የዘር ሐረግ መዛግብት ድረ ገጽ፣ ነጻ ነው) ስክራንተን፣ ላካዋና ካውንቲ (የክፍለ ግዛቱ አውራጃ)፣ 1870 ተብሎ ሲፈለግ ምንም አይወጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይሳሳትበታል፦ ላካዋና ካውንቲ ከሉዘርን ተቆርጣ የተመሠረተችው በ1878 ነው። ከዚያ በፊት ስክራንተን በሉዘርን ሥር ነበረች፤ የፍርድ ቤት፣ የመሬትና የዜግነት ወረቀቶቿም የሚገኙት ዊልክስ ባሬ ነው። የካውንቲው ማጣሪያ ወደ ሉዘርን ሲቀየር ቤተሰቡ ወጣ፦ ባል፣ ሚስትና አራት ልጆች። ስለዚህ አቮንዴል ተሰረዘ።

ከዚህ ገጽ የሚወሰደው ዋናው ነገር የልጆቹ ረድፍ ነው። ሁለቱ ትልልቆች ዌልስ፣ ሁለቱ ትንንሾች ፔንሲልቬኒያ ተወለዱ ይላል። ዌልስ የተወለደው የመጨረሻው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሜሪካ የተወለደው የመጀመሪያው አራት። እናትየው ባሕሩን የተሻገረችው ከ1863 አጋማሽ እስከ 1866 አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው ማለት ነው። የአባትየውን ጊዜ ግን ይህ አያሳይም፤ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ይሄዱ ነበር። ሌላው ጥንቃቄ፦ የ1870 ቆጠራ ዝምድና አይጽፍም። «ሚስት» የሚለው የኛ ግምት ነው፤ እስከሚረጋገጥ በኤክሴሉ ላይ በጥያቄ ምልክት ይቀመጣል።

በ1880 ቆጠራ ዝምድናና የጋብቻ ሁኔታ ተጽፏል። ያችው ሴት፣ እነዚያው ልጆች፣ አንድ ተጨማሪ ልጅ፤ እሷ ባል የሞተባት ተብላለች። የፍለጋው መስኮት ወደ አሥር ዓመት ጠበበ። አንዱ ልጅ ሥራው ከሰል መለያ ቤት ውስጥ ድንጋይ መልቀም ነው፤ ገና ትንሽ ልጅ ነው። በፔንሲልቬኒያ በከሰል መለያ ቤት ከ12 ዓመት፣ ከመሬት በታች ከ14 ዓመት በታች ማሠራት የተከለከለው በ1885 ነው። ለሞተ ቆፋሪ ሚስት በሕግ የሚከፈል ካሳም አልነበረም፤ የክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ ካሳ ሕግ የወጣው በ1915 ነው። ልጁ ለምን እዚያ እንደተገኘ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

የ1890 ቆጠራ አይፈለግም። በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ተጎድቶ፣ በኋላም አብዛኛው ጠፍቷል።

ደረጃ 2፦ የሞተበት ዓመት

የሞት ሰርተፍኬት የለም። ፔንሲልቬኒያ በክፍለ ግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በጥር 1906 ነው፤ ካውንቲዎቹ ደግሞ ከ1893። ለ1870ዎቹ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

የከተማው የአድራሻ መጽሐፍ (ዳይሬክተሪ) እዚህ ላይ ከሁሉ ይበልጣል። በየዓመቱ የቤተሰብ ኃላፊውን ስም፣ ሥራና መንገድ ይሰጣል፤ ሰውየው ሲሞት የሚስቱ ስም ይገባና «የእገሌ ባለቤት የነበረች» ይባላል። ገጾቹን በኦሲአር (የስካን ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚለውጥ ፕሮግራም) መፈለግ አያዋጣም። ፊደሉ ደቃቅ፣ አጽሕሮቱ ብዙ ነው፤ በፊደል ተራ ገልጦ በዓይን ማንበብ ይሻላል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው አምስት ስድስት ቆፋሪዎች በተከታታይ ስለሚመጡ መለያው የመንገዱ ስም ነው። በዚያው መንገድ ላይ እሱ በአንዱ ዓመት አለ፣ በቀጣዩ እሷ አለች። መጽሐፉ ከመታተሙ ወራት ቀድሞ ስለሚሰበሰብ በሁለቱም በኩል አንድ ዓመት ይጨመራል።

ቀጥሎ የማዕድን ተቆጣጣሪዎች ዓመታዊ ሪፖርት። አቮንዴል ካደረሰው ድንጋጤ በኋላ ፔንሲልቬኒያ በ1870 የማዕድን ደኅንነት ሕግ አወጣች፤ ተቆጣጣሪዎቹም በየወረዳቸው የደረሰውን አደጋ በሰንጠረዥ ማሳተም ጀመሩ፦ ቀን፣ ስም፣ የጉድጓዱ ስም፣ የአደጋው ምክንያት፣ የተረፉት ሚስትና ልጆች። ነጻ ስካናቸው ይገኛል። ለከሰል ቆፋሪ ፍለጋ ከዚህ የተሻለ የታተመ ምንጭ አናውቅም፤ ሆኖም ብዙ ፈላጊ ሳይነካው ያልፋል።

በተጠበበው ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ይገጥማል፦ ቆፋሪ፣ የጣሪያ ናዳ፣ ሚስትና አምስት ልጆች ትቶ። ከ1880 ቆጠራ የልጆች ቁጥር ጋር ልክ ነው። የአንትራሳይት (የአካባቢው ጠንካራ ከሰል) ጉድጓዶች ሰው ይበልጥ የጨረሱት በታላላቅ ፍንዳታዎች ሳይሆን እንዲህ አንድ ሁለት ሰው እያሉ፣ በናዳ፣ በባሩድና በፉርጎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው መታወቅ ያለበት፦ በአንትራሳይት ጉድጓድ «ቆፋሪ» እና «ረዳት» የተለያዩ ናቸው። ቆፋሪው ይሰረስራል፣ ባሩድ ይቀብራል፣ ያፈነዳል፣ ጣሪያውን በግንድ ይደግፋል፤ የሚከፈለው በፉርጎ ቁጥር ነው። ረዳቱ የወረደውን ከሰል ይጭናል፤ ክፍያው ከቆፋሪው ድርሻ ይወጣል። ሰንጠረዡ «ረዳት» ያለው ሰው በአድራሻ መጽሐፉ ለዓመታት «ቆፋሪ» ከተባለው ጋር ላይገጥም ይችላል። ሌላው ባለተመሳሳይ ስም ሟች በዚህና በዕድሜው ተለየ።

ጋዜጣው የተፈለገው በስሙ አይደለም። ኦሲአር ስምን ያበላሻል፤ የጉድጓድ ስምን ግን ደጋግሞ ስለሚያገኘው አንዱን ካበላሸ ሌላውን ያተርፋል። የጉድጓዱ ስምና ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያሉ አሥር ቀናት ተብሎ ሲገባ አጭር ዜና ወጣ፤ የቀብሩን ሰዓትና የተሰለፈውን ማኅበር ይናገራል። ማኅበሩ የዌልስ ተወላጆች መረዳጃ ነው። አባል ሲታመምና ሲሞት የሚከፍል፣ የራሱ መዝገብና ጸሐፊ ያለው፣ እድር በሉት።

ደረጃ 3፦ የሚስቱ የቤተሰብ ስም

ይህ ካልተገኘ ውቅያኖሱን መሻገር አይቻልም።

ምንጩ የልጆቹ ሞት ነው። ከ1906 በኋላ የወጣ የፔንሲልቬኒያ የሞት ሰርተፍኬት የአባት ስምና የትውልድ አገር፣ የእናት ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስምና የትውልድ አገር ይጠይቃል። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው ሃሪስበርግ በሚገኘው የክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ስካኑ አንሴስትሪ በተባለው ባለክፍያ ድረ ገጽ ላይ አለ። የአንድ ወር ምዝገባ ይበቃል፤ ግን የሚፈለገው ሁሉ ቀድሞ በዝርዝር ተጽፎ፣ በአንድ ጊዜ ወርዶ፣ ከዚያ ምዝገባው ይቋረጥ።

የአንድ ልጅ ብቻ አይወሰድም። የሦስት ልጆች ሰርተፍኬት ሲነጻጸር ሁለቱ አንድ ስም ሰጡ፤ ሦስተኛው የእናቲቱን የባል ስም ደገመ። የልዩነቱ ምክንያት ከታች ባለው «መረጃ ሰጪ» መስመር ላይ ይታያል፦ ሁለቱን የሞሉት የሟች ወንድምና እህት ናቸው፤ ሦስተኛውን አማች። የሟቹን እናት በአካል ያወቀ ሰው የሞላው ይመረጣል።

የመቃብሩ ፎቶም አሁን ሥራ ላይ ዋለ። ጽሑፉ በዌልስኛ ነው። ቤተሰቡ ማንበብ አቅቶት ለዓመታት ትቶት ነበር። በዚያ ዘመን በዌልስኛ የተቀረጸ ድንጋይ የትውልድ አጥቢያን መጥቀስ የተለመደ ነው፦ ይህኛው በግላሞርጋን ያለችውን አበርዴርን ይላል። ድንጋዩ የሷ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ልብ ይባል። እሱም የዚያው ሰው ነው ማለት አይደለም፤ በ1841 ከ6 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የነበራት አበርዴር በ1861 ወደ 32 ሺህ ደርሳለች። አዋቂዎቿ በአብዛኛው ከሌላ የመጡ ናቸው።

ደረጃ 4፦ የእንግሊዝና ዌልስ የልደት ኢንዴክስ

የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። ኢንዴክሱ (የመዝገቡ ማውጫ) ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው የእናትን የቤተሰብ ስም የያዘው ከ1911 በኋላ ብቻ ነው። የዋናው ምዝገባ ቢሮ በኦንላይን ያወጣው አዲሱ ግን ከ1837 ጀምሮ አስገብቶታል። ሥራው በሙሉ የሚሠራው በሁለተኛው ነው።

ሁለቱን ዌልስ የተወለዱ ልጆች በስም፣ በእናት የቤተሰብ ስምና በመርተር ቲድቪል የምዝገባ ወረዳ (አበርዴር በሥሯ ነበረች) መፈለግ። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን በርካታ ውጤት ይመጣል። የሁለቱን ስም በትክክለኛው ተራና የዕድሜ ርቀት፣ ከአንዲት እናት ስም ጋር የሚያሟላ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ከሁለቱ በፊት ሦስተኛ ልደት በዚያው የእናት ስም ታየ፤ በሞት ኢንዴክስም በሕፃንነቱ አለ። ቤተሰቡ ስለዚህ ልጅ አያውቅም ነበር።

ወጪ፦ የልደት መዝገብ ዲጂታል ምስል 3 ፓውንድ ነው፤ ወዲያው ስክሪን ላይ ይከፈታል። ፒዲኤፍ 8 ፓውንድ፣ ወረቀቱ 12.50። ለልደት ከ3 ፓውንዱ በላይ መክፈል አያስፈልግም፤ ይዘቱ አንድ ነው። ጋብቻ ግን በወረቀት ብቻ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ልደቶቹን በርካሹ ገዝቶ ከጨረሱ በኋላ አንድ ጋብቻ ብቻ ማዘዝ።

የልደት ምስሎቹ የአባትን ሥራ የከሰል ቆፋሪ ይሉታል። በነዚያ ሸለቆዎች መዝገብ የብረት ማዕድን ቆፋሪ ሌላ ሥራ፣ ሌላ አሠሪ ነው፤ በዚያው መንደር ተመሳሳይ ስም የነበረው ሰው በዚህ ወደቀ።

ጋብቻውን በኢንዴክስ ለማግኘት፦ ከ1912 በፊት የአንዱ ተጋቢ መስመር የሌላውን ስም አያሳይም። የእሱ ስም ያለባቸውን መስመሮች በሙሉ፣ የእሷንም በሙሉ አውጥቶ ሩብ ዓመቱ፣ ወረዳው፣ ቅጹና ገጹ አንድ የሆኑትን ማጋጠም ነው። ከ1852 ጀምሮ የመርተር ቲድቪል ቅጽ 11ኤ ነው። የእሱ ስም ዝርዝር ረዥም፣ የእሷ አጭር ስለሆነ ከእሷ ይጀመራል። አንድ ገጽ ላይ ከአንድ በላይ ጥንድ ስለሚኖር መገጣጠሙ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሰርተፍኬቱ መታዘዝ አለበት። ደግሞም ይህ የቅጽና የገጽ ቁጥር ለዋናው ቢሮ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ በአካባቢው ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ትርጉም የለውም።

ሰርተፍኬቱ የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ አመጣ። የእሱ አባት የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ የእሷ አባት ከሰል ቆፋሪ። ሁለቱም ተጋቢዎች በመስቀል ምልክት ፈርመዋል። ፊርማ በማነጻጸር የሚገኝ ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ የካርዲፉን ሰው ከዛፉ ማውጣት

በታይፕ የተጻፈው ሐረግ የካርዲፍ ተወላጅ ወላጆችን ሰጥቶታል፤ ይህ ተገልብጦ በብዙ የኦንላይን ዛፎች ገብቷል። ለማውጣት «ማስረጃ የለውም» ማለት አይበቃም፣ ተመልሶ ይገባል። የካርዲፉን ልጅ ወደ ፊት መከተል ይሻላል። በ1871ና በ1881 ቆጠራ እዚያው ወደቡ ላይ ሥራ ይዞ፣ ከሌላ ሚስት ጋር አለ። የኛ ሰው በ1870 ስክራንተን ነበር። ሁለት ሰዎች ናቸው። የቆጠራዎቹ ማጣቀሻ ቁጥር በዛፉ ማስታወሻ ላይ ተጻፈ፤ ቀጣዩ ሰው እንዳይመልሰው።

ደረጃ 6፦ 1861 እና 1851

በ1861 ቆጠራ (ሚያዝያ 7) ባልና ሚስቱ አበርዴር ውስጥ ናቸው። የትውልድ አጥቢያው በካርማርደን ክፍለ ሀገር ያለ የገጠር ቦታ ነው፤ ከአባቱ ሥራ ጋር ይሄዳል። ዋናው ግኝት ግን በቤቱ ያረፈው ተከራይ ነው፦ የሚስቱ ወንድም። ይኸው ሰው በ1870 ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከነሱ ሁለት ቤት አልፎ ይገኛል።

ከዚህ ጀምሮ የፍለጋው ስልት ተቀየረ። የሚፈለገው ሰው ስሙ ብዙ ነው፤ የሚስቱ ወንድም ስም ግን ያልተለመደ ነው። እሱን መከተል ይቀላል፤ እሱ ባለበት እነሱ ቅርብ ናቸው። የኤክሴሉ ሰንጠረዥ ለእሱ፣ ለሁለቱ ጎረቤቶችና ለጋብቻው ምስክሮች ረድፍ ተጨመረለት። ለዌልስ ስደተኛ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይታሰብም፦ መንደሩ ቀድሞ የሄደውን ይከተላል፣ የቀደመው ሥራና ማረፊያ ይይዛል፣ ቤተ ጸሎቱ የአባልነት መሸኛ ደብዳቤ ይሰጣል።

በ1851 ቆጠራ (መጋቢት 30) በካርማርደን ከወላጆቹና ከሦስት ወንድምና እህቶች ጋር ይገኛል። የ1841 ቆጠራ የትውልድ ቦታን የሚነግረው በዚያው ክፍለ ሀገር ተወለደ ወይስ አልተወለደም ብሎ ብቻ ነው፤ ከ15 በላይ ያሉትንም ዕድሜ ወደ አምስት ብዜት ዝቅ ያደርጋል። የወላጆቹ ዕድሜ ከ1851 ጋር አራት ዓመት ቢራራቅ አያስደነግጥም።

ደረጃ 7፦ መርከቡ

ከብሪታኒያ የሚወጡ ተሳፋሪዎች ዝርዝር በለንደኑ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው ከ1890 ጀምሮ ነው። ለ1860ዎቹ የሚፈለገው በአሜሪካ በኩል ነው፤ ኤሊስ ደሴት የተከፈተችው በ1892 ስለሆነ እዚያም አይደለም። ከ1855 እስከ 1890 ኒውዮርክ የገቡት በካስል ጋርደን አልፈዋል። ዝርዝሩ ለጉምሩክ የተዘጋጀ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ አገር። አጥቢያ የለም፣ የሚጠብቅ ዘመድ የለም። በዚያ ላይ የዌልስ ሰው «እንግሊዝ» ተብሎ ይጻፋል። በአገር ማጣራት ትክክለኛውን ሰው ይጥላል።

እናትና ሁለት ልጆችን መፈለግ ይሠራል፦ የሦስቱ ዕድሜ ተራ ከ1863 እስከ 1866 ባለው መስኮት ከሊቨርፑል የመጣች አንዲት መርከብ ላይ ብቻ ገጠመ። ከዝርዝሩ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ወንድሟ አለ። እሱ ባይኖር ኖሮ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይቀር ነበር።

የባልየው ጉዞ አልተያዘም። ከሷ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ተመሳሳይ ስም፣ ተቀራራቢ ዕድሜና «ቆፋሪ» የሚል ሥራ ያላቸው ሦስት ሰዎች ኒውዮርክ ገብተዋል። ሦስቱም በተለየ ገጽ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ወደ ዛፉ አልገቡም።

የዜግነት ወረቀት ይለያቸዋል ተብሎ ዊልክስ ባሬ ተፈለገ። ከመስከረም 1906 በፊት ማንኛውም ፍርድ ቤት ዜግነት መስጠት ይችል ነበር፣ ቅጹም ወጥ አልነበረም። የተገኙት ሁለት ዜጋ የመሆን የፍላጎት መግለጫዎች ስም፣ ቀንና ለንግሥት ቪክቶሪያ ታማኝነትን መተው ብቻ ይዘዋል። አይለዩም።

ደረጃ 8፦ ዲኤንኤ

አጭር ነው። የእሷና የወንድሟ የልጅ ልጅ ልጆች ሦስተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች ስለሚሆኑ በአማካይ ወደ 70 ሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ መለኪያ) ይጋራሉ፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል። የተመረመሩት ሁለት ዘሮች ውጤት በሚጠበቀው ክልል ውስጥ ወጣ። ይህ የሚያጸናው የሷን ወገን ነው። የእሱን ወገን ለመፈተን በ1851 ቆጠራ ከታዩት ወንድምና እህቶቹ የአንዱን ዘር ማግኘት ያስፈልጋል። ሸለቆዎቹ ውስጥ ደግሞ ዘመዳሞች ተጋብተው ስለሚደራረቡ ከ20 ሴንቲሞርጋን በታች ያለ ግጥሚያ አይቆጠርም።

አሁን የቀረው

የካርማርደኑ ጥምቀት። ከ1837 በፊት የነበሩት የቤተ ጸሎት መዝገቦች ለመንግሥት ተሰጥተው ለንደን ናቸው፤ የሱ ልደት ግን ከዚያ በኋላ ነው። የኋለኛው መዝገብ በየቤተ ጸሎቱ ቀርቶ ከፊሉ ጠፍቷል፣ ከፊሉ አበሪስትዊዝ በሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። ጥያቄው የሚላከው በቤተ ጸሎቱ ስም እንጂ በአጥቢያው ስም አይደለም፤ ካታሎጉ የተደራጀው እንደዚያ ነው። በዚያው ቤተ መጻሕፍት ነጻ የጋዜጣ ስብስብ ውስጥ የአደጋው ዜና ተመልሶ አበርዴር ደርሶ እንደሆነ በጉድጓዱ ስም ይፈለጋል፤ ዌልስኛ ፊደል ስለሚያዛባው በሦስት አጻጻፍ።

የመረዳጃ ማኅበሩ መዝገብ ስክራንተን ላካዋና ታሪክ ማኅበር ወይም አንትራሳይት ሙዚየሙ ዘንድ ይጠየቃል። በኢሜይሉ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የቀብሩ ቀንና የጋዜጣው ገጽ ምስል ይያያዝ፤ የሰውየው ስም ብቻውን ከተላከ የሚመጣው መልስ «የትኛው?» የሚል ነው።